የሰማያዊው መፍቻ ጥፋት

ሦስቱን የአየር መፍቻዎች ስማቸው እንዳይታይ በፕላስተር ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ ስደረድራቸው፣ ሞልቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ ከፊቴ ቆመ። ከመካኒኮቻችን ሁሉ ጉልበተኛውም ተረበኛውም እሱ ነው።

«ምነው ራጉኤል፣ ሙሽሮች ናቸው እንዴ የሸፈንካቸው?»

«ስም አይታችሁ እንዳትፈርዱ ብዬ ነው።»

«እኔ ስም አላይም። ቀዩ የጀርመን ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል። አቀማመጡ ላይ ኩራቱን አላየህም?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሸተተኝ» አለና ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ግን አዛጋ።

ያን ሰሞን ሁላችንም እናዛጋ ነበር። የቦሎ ሰሞን ነው፤ ዓመታዊ ምርመራውን ማለፍ የሚፈልግ ሚኒባስ ሁሉ ፍሬኑንና ጎማውን ሊያሠራ ከማለዳ ጀምሮ በራችን ላይ ይሰለፋል። መብራት ሲመጣ ኮምፕሬሰሩ አየር እስኪሞላ እንጠብቃለን፤ ሞልቶ ሥራ ስንጀምር መብራቱ ይሄዳል። ሹፌሮቹ ይነጫነጫሉ፣ ረዳቶቹ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ፣ እኛም ቆመን የምንተኛበትን ዘዴ ተምረናል።

ጋራዡ ለቡ መብራት ኃይል ጀርባ፣ ወደ ጀሞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ጋሽ ኮርሳ ናቸው። መሬቱ ድሮ አባታቸው ሽንብራ የሚዘሩበት ነበር፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ብዙ አያወሩም። እኔ በኮሌጅ የተማርኩት አውቶሞቲቭ ነው። እዚህ ያለኝ ሥራ የመሣሪያ ክፍሉን መጠበቅ፣ የጎደለውን መግዛት፣ መኪና ከመውጣቱ በፊት የታሰረውን መፈተሽ ነው።

መሣሪያዎቻችን ከያዙት ሰው በላይ ደክመው ነበር። የእጅ መፍቻዎቹ አፋቸው ተከፍቶ ቡሎን ላይ ይሽከረከራሉ እንጂ አይዙም። የነበሩን ሁለት የአየር መፍቻዎች፣ በጋራዡ አነጋገር ኢምፓክት የምንላቸው፣ ከጎማው ይልቅ የያዛቸውን ሰው ክንድ ይነፉ ነበር። ጋሽ ኮርሳ አንድ ቀን ተሰላችተው «ሁሉም ይጣልና በአዲስ ይተካ» አሉ። «ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ሲበላሽ አንድ ዓይነት መለዋወጫ ነው የምፈልገው። አንተ አወዳድርና የሚሻለውን ንገረኝ። ወሬ ሰምተህ አይደለም፣ ሞክረህ።»

የእጅ መፍቻዎቹ አላስቸገሩንም። ከሦስት አስመጪዎች አንዳንድ ለሙከራ ለመንኩ። የዛገ ቡሎን ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ላይ አስሬ፣ በየተራ መፍቻ አጥልቄ፣ ጫፉ ላይ ቱቦ ሰካሁና ሞልቱን «ተንጠልጠልበት» አልኩት። ሁለቱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስተኛው ቻለ። ከከፈቱት አንዱ በስሙ ሁሉም የሚምልበት ስለነበር ለአፍታ ጋራዡ ለቅሶ ቤት መሰለ። ነገር ግን ክርክር አልተነሳም፤ ያየነውን አይተናል።

ኢምፓክቶቹ ላይ ግን ክርክሩ የኳስ ክርክር ሆነ። ቀዩ ትልቅና ከባድ ነው። ጥቁሩ ትንሽ፣ እጀታው ፕላስቲክ የለበሰ ነው። ሰማያዊው በሁለቱ መካከል ነው። እሱን ያዋሰኝ ጀሞ የመሣሪያ ሱቅ ያለው ሱልጣን ነው። በቅርቡ ዕቃውን ራሱ ማስመጣት ጀምሯል። ልፈርምልህ ወይ ስለው «ምን ያደርግልኛል?» አለኝ። «ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በል፤ መጥፎ ከሆነም መጥፎ ነው በል። ብቻ ያላደረገውን አድርጓል እንዳትል።»

ሦስቱም ከሁሉም እጅ እንዲደርሱ አደረግኩ። እያንዳንዱ ሰው ጥቂት ቀን በአንዱ ሠርቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ጉልበታቸውን፣ የሚበሉትን አየርና ክብደታቸውን አየሁ።

«ቀዩ ኢምፓክት አይደለም፣ በሬ ነው» አለ ሞልቱ። «የጭነት መኪና ዳዶ ገና ሲያየው ይፈታል።»

«በሬውን ቀኑን ሙሉ ከያዝኩ ማታ ማበጠሪያ ማንሳት አልችልም» አለች ሶሬቲ። ሶሬቲ ከቴክኒክና ሙያ ወጥታ የመጣች፣ እጇ ፈጣን የሆነ መካኒክ ናት። «እኔ ጥቁሩን ነው የምፈልገው።»

«ጥቁሩማ የፀጉር ማድረቂያ ነው! ፀጉር ቤት ክፈቺበት።»

«ከፍቼ መጀመሪያ የአንተን ጢም ነው የማቃጥለው።»

የቀረው የጋሽ ጀማል አስተያየት ነበር። ሙሉ ስሙ ጀማሉዲን ነው፤ ዋናው መካኒካችን ነው። ጋሽ እያልን አንተ እንለዋለን፤ መኪና ሥር ተኝቶ «ያቀብሉኝ» የሚባባል ሰው የለም። ደንበኞቹ በሩ ላይ መጥተው የሚጠሩት የእሱን ስም ነው። ከብስራተ ገብርኤል፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፈው «ጀማል አለ?» ብለው ይመጣሉ፤ ከሌለ ተመልሰው ይሄዳሉ። ሁላችንንም ያስተማረን እሱ ነው። መጀመሪያ ያስተማረን ነገር ደግሞ ዳዶ በጣት እንደሚጀመር ነው። የጎማ ዳዶ ቡሎኑ ላይ ተቀምጦ፣ ጥርስ ከጥርስ መግጠሙን ጣት እስኪያውቅ ድረስ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ይዞራል። ኢምፓክት የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ቸኩሎ ዳዶውን ኢምፓክቱ አፍ ውስጥ ከትቶ ሲያስጀምር ካየ፣ ጋሽ ጀማል ካለበት ሆኖ «በጣት! በጣት!» እያለ ይጮኻል። ሞልቱ በዚህ ምክንያት በዘይት ጨርቅ ስንቴ እንደተመታ እሱም አያውቀውም።

«አንተስ ጋሽ ጀማል፣ የትኛው ይሻላል?» አልኩት።

ትንሽ ካሰበ በኋላ «ቀዩ» አለ። «ድምፁ ጥሩ ነው።»

ገረመኝ። ከቀዩ ላይ ሁሉም የሚጠላው ድምፁን ነበር። ሌላ ሰው ግን እየጠራኝ ስለነበር ሳልጠይቀው ሄድኩ።

ሰማያዊው ጋሽ ጀማል እጅ ሳለ ነው ነገሩ የተበላሸው። የአንድ ሚኒባስ የኋላ ጎማ እያሰረ ነበር። ኢምፓክቱ መሐል ላይ ተይዞ አጓራ፤ ወዲያው ቀጭን የብረት ድምፅ ተሰማና ቡሎኑ ከነዳዶው ተቆርጦ መሬት ወደቀ። ሹፌሩ ከጥላው ተነስቶ መጣ።

«ምንድነው የሰበራችሁት?»

«በላው!» አለ ሞልቱ፣ በድል ድምፅ። «ሰማያዊው በላው! አላልኳችሁም? ይሄ ነገር ዓይኑ ራሱ አላማረኝም ነበር።»

ጋሽ ጀማል ኢምፓክቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጥርስ ይበላል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። ከዚያ አዲስ ቡሎን እንዲመጣለት ጠየቀና ሥራውን ቀጠለ።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ጀማል በዚያው ሰማያዊ ሲያስር ሌላ ቡሎን ተበላ። ከዚያ በኋላ ሰማያዊውን የሚነካው ጠፋ። ሶሬቲ እንኳ ስሰጣት «ለሌላ ሰው ስጠው፣ ጣጣ አልፈልግም» አለችኝ። ሞልቱ ወሬውን ለሹፌሮቹ ነግሯቸው ስለነበር፣ አንዱ ረዳት መኪናው ሲገባ «በሰማያዊው እንዳትነኩን!» ብሎ በመስኮት ጮኸ። ይህ ወሬ ጀሞ እስኪደርስ ብዙ አይቆይም። ከቆየም የሚቆየው እኔ ለጋሽ ኮርሳ እስክናገር ድረስ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በማግስቱ ከሰዓት መጥተው ውጤቱን እንደሚሰሙ ነግረውኛል።

ሱልጣን ያላደረገውን አድርጓል እንዳትል ያለኝ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። የተቆረጠውን ዳዶ አንስቼ ሞርሳው ላይ አሰርኩና በብረት መጋዝ ለሁለት ከፈልኩት። ቡሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ የሚጎዳው ውስጥ፣ ኃይሉ ባረፈበት በኩል ነው። ይሄ ግን የተበላው አፉ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች በሰያፍ ታርሰዋል፤ ዳዶው ገና ሲገባ ተንጋዶ ገብቷል ማለት ነው። ተንጋዶ የሚገባ ዳዶ ደግሞ በጣት ያልተጀመረ ዳዶ ነው። በጣት ቢጀመር አንድ ዙር ሳይሄድ ይይዝ ነበር፤ ጣት ያውቀዋል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ጋሽ ጀማል ቸኩሎ ነው የሚል ነው። የቦሎ ሰሞን ማን አይቸኩልም? ግን በእርግጠኝነት ለመናገር አንድ ዳዶ አይበቃም። የወዳደቀ ብረት ወደምንጥልበት በርሜል ሄጄ ውስጡን አገላበጥኩ። እንደዚያው አፋቸው በሰያፍ የተበላ ሌሎች ዳዶዎች አገኘሁ። አንዳንዶቹ ዝገት ጀምሯቸዋል። ሰማያዊው እኛ ጋ ከመምጣቱ በፊት የተጣሉ ናቸው።

እጄን ሳልታጠብ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ፤ የፈለግኩትን አግኝቻለሁ። ነገር ግን የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው። ዳዶዎቹ የትኛው ኢምፓክት እንዳላጠፋ ነግረውኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን፣ የማን እጅ ነው የሚለውን ጥያቄም ይዘው መጥተዋል።

በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሥራ ያለኝ መስዬ ጋሽ ጀማልን ሳየው አረፈድኩ። ዳዶውን ከመሬት ሲያነሳ ወዲያው አያነሳውም፤ በመዳፉ ጠርጎ ወደ ጫማው ያስጠጋና ከጫማው ጋር አጣብቆ ነው የሚይዘው። ከዚያ ዳዶውን ኢምፓክቱ አፍ ውስጥ ይከታል። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ፣ ትከሻውን አስፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ጎማው ዘንበል አድርጎ፣ በኢምፓክቱ ያስጀምራል። ድምፁ ለስለስ ካለ ይቀጥላል፤ ከተለወጠ ያቆማል። ቀዩን ለምን እንደወደደው ያኔ ገባኝ። ከሦስቱ ሁሉ ጎልቶ የሚናገረው ቀዩ ነው።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። ሞልቱና ሶሬቲ ምሳ ወጡ። ጋሽ ጀማል ሰግዶ ተመልሶ፣ የፎሳው ጠርዝ ላይ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና የከፈልኩትን ዳዶ መሐላችን አስቀመጥኩት። አየው፤ አላነሳውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጋሽ ጀማል።»

 ውጭ አንድ ረዳት «ጀሞ! ጀሞ በአቋራጭ!» እያለ ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘርግቶ የሌላ ሰው ዕቃ የሚመረምር ይመስል አገላብጦ አየው።

«ክረምት ላይ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ነጭ ይሆን ነበር፤ ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ መውጋት መጣ። አሁን መውጋቱም የለም። የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት። ዕቃ ስይዝ መያዜን የማውቀው በዓይኔ ነው።»

«ሐኪም አየህ?»

«አየኝ። ምን ትሠራለህ አለኝ፤ መካኒክ ነኝ አልኩት። የሚነዝር ነገር ትይዛለህ አለኝ። ሳቅኩበት። ሌላ ምን ይዤ አውቃለሁ?» እጁን ጭኑ ላይ መለሰው። «ተው አለኝ። መተውስ ቀላል ነው። ከዚያ ጋሽ ኮርሳ ምን ያደርገኛል? ዳዶ ማስጀመር የማይችል መካኒክ ምኑ መካኒክ ነው?»

ዳዶውን ከመሐላችን አንስቼ እጄ ላይ ያዝኩት።

«ለጋሽ ኮርሳ ሰማያዊው ነው በላቸው» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስማኝ ራጉኤል፣ ብረት ነው። አይከፋውም፣ ልጅ አያሳድግም። ሱልጣንም ሌላ የሚሸጠው ዕቃ አለው።»

«ሱልጣን ራሱ የሚያስመጣው እሱን ነው፤ ገና መጀመሩ ነው። ደግሞ ሰማያዊውን ብንመልሰው ዳዶው መበላቱን ይተዋል?»

«እጠነቀቃለሁ።»

«እስካሁን ሳትጠነቀቅ ቀርተህ ነው?»

ይሄን ስለው ፊቱን አዞረ። ከባድ ነገር እንደተናገርኩ አወቅኩ፤ ግን ውሸት አልነበረም።

«ተቆርጦ እዚህ መውደቁ ደግ ነው» አልኩት። «ሳይቆረጥ፣ እንደተንጋደደ ጠብቆ የወጣ አንድ ካለስ? እኔም ፈትሼ ጠብቋል ብዬ ልኬው ይሆናል። ሚኒባሱ ሰው ሞልቶ ነው የሚሄደው ጋሽ ጀማል።»

 ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«እሱን አስቤዋለሁ» አለ። «ማታ ማታ የማስበው እሱን ነው።»

«ለጋሽ ኮርሳ ሰማያዊው አይደለም እላቸዋለሁ። ከዚህ የዘለለ ግን እኔ አልናገርም። የቀረው የአንተ ነው።»

«ማነው ካሉህስ?»

«አላውቅም» አልኩት። ምን እንደምል በእውነት አላውቅም ነበር።

ጋሽ ኮርሳ ከሰዓት በኋላ መጡ። መብራት ተመልሶ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ስለነበር መጀመሪያ እሱን አስጠፉት። ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ ጋደም አድርገው በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሁላችንንም ጠሩን።

«እሺ፣ የትኛው ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ሞልቱ ቀደመኝ። «የትኛው እንዳልሆነ ልንገርዎት ጋሽ ኮርሳ። ሰማያዊው ጥርስ ይበላል። ሁለት ቡሎን በልቶብናል።»

«ያ ሞልቱ፣ አንተን መቼ ጠየቅኩ?» ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«ሁለት ቡሎን መበላቱ እውነት ነው» አልኩ። «የበላው ግን ሰማያዊው አይደለም።» የከፈልኩትን ዳዶና ከበርሜሉ ያወጣኋቸውን አጠገባቸው ደረደርኩ፤ ተበሉ የምንላቸው ጥርሶች የዳዶው አፍ ላይ መሆናቸውን፣ የዛጉት ሰማያዊው ሳይመጣ የተጣሉ መሆናቸውን አሳየኋቸው። «ተንጋደው ነው የገቡት። በጣት አልተጀመሩም።»

ሞልቱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «እኔ አይደለሁም! በዚህ ጉዳይ ስመታ ነው ያደግኩት።»

«ታዲያ ማነው?» አሉ ጋሽ ኮርሳ።

 ሶሬቲ አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗ እኔን ትቶ ሄደ። ጋሽ ኮርሳ ጥያቄውን አልደገሙትም፤ ጠበቁ። ሰውዬው መጠበቅ ያውቁበታል።

ጋሽ ጀማል ከኋላችን ወጥቶ ወደ ቀረበው ሚኒባስ ሄደ። ጎማው ወልቆ ቡሎኖቹ ባዶ ቆመዋል። መሬት ላይ ከተዘረጋው ጨርቅ ዳዶ ለማንሳት ጎንበስ አለ፤ አመለጠው፤ እንደገና ሞከረና ያዘው። ቡሎኑ ላይ አስቀምጦ በጣቶቹ ማዞር ጀመረ። ዳዶው ግማሽ ዙር ሄዶ ተንጋዶ ቆመ። እኛ ከቆምንበት ይታያል። ጣቶቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም፤ የማይዞረውን ዳዶ ዙሪያውን እየተንሸራተቱ ነበር። ፊቱን ወደ እኛ መልሷል፤ ሆን ብሎ ዳዶውን አያይም።

«ገባ?» አለ።

ከዚያ ሶሬቲን አያት።

«ሶሬቲ፣ ገባ?»

«አልገባም ጋሽ ጀማል» አለች፤ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«እኔ ነኝ» አለ ወደ ጋሽ ኮርሳ ዞሮ። «መሣሪያው ምንም አላደረገም።»

ሞልቱ መሬት መሬት አየ። ጋሽ ኮርሳ ከዘራቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ከምን እንደመጣ ጠየቁ። እኔ የተማርኩትን ያህል ነገርኳቸው። ለዓመታት የሚነዝር መሣሪያ የያዘ እጅ ውስጡ ያለው ነርቭ ይጎዳል፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ብርድ ወይም እርጅና ይመስለዋል።

«ይድናል?»

«ከተወው ባለበት ሊቆም ይችላል። የሄደው ይመለሳል ለማለት አልችልም።»

«እኔም ማታ ማታ ይነዝረኛል» አለች ሶሬቲ በድንገት። «ተኝቼም እጄ የሚሠራ ይመስለኛል።»

ሁላችንም ሞልቱን አየነው። ይቀልዳል ብዬ ነበር። «እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለና እጁን ቱታው ኪስ ውስጥ ከተተው።

ጋሽ ኮርሳ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያው ሰማያዊውን ግዛ። ያለ ጥፋቱ ስሙ ጠፍቷል።»

እሳቸው ይህን ያሉት ከቅንነት ነው። ነገር ግን በካሳ መልክ የሚገዛውን መሣሪያ ነገ የሚይዙት ሶሬቲና ሞልቱ ናቸው። «አንዴ ይታገሱኝ ጋሽ ኮርሳ» አልኳቸው። «ጉልበት አይቻለሁ፣ አየር አይቻለሁ፣ ክብደት አይቻለሁ። ንዝረቱን አላየሁም።»

ኮምፕሬሰሩን አስነሳን። ሶሬቲና ሞልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስቱንም በየተራ አንድ ዓይነት ጎማ ላይ ያዙ። ከዚያ እያዟዟርኩ ደጋግሜ ሰጠኋቸው። ሞልቱ የሚወደውን በሬ ሲይዝ ከንፈሩን ነከሰ፤ እስከዛሬ ያላስተዋለው ነገር አሁን ሲነገረው የተሰማው መሰለኝ። ቀዩ ከሁሉም ይነዝራል፤ በዚህ ሁለቱም ተስማሙ። ሰማያዊው ከእሱ ይሻላል። ጥቁሩ ግን ንዝረቱ ከሁለቱም በብዙ ያነሰ ነው። ለሚኒባስ ይበቃል፤ የጭነት መኪና የከረረ ዳዶ ግን አይፈታም።

«ጥቁሩ ነው» አልኩ። «የጭነት መኪናውን መጀመሪያ በእጅ፣ በረጅም ቱቦ እናላላለን።»

«ያ እኮ የወገብ ሥራ ነው» አለ ሞልቱ። «ማን ነው የሚያላላው?»

«እኔ» አለ ጋሽ ጀማል። «ለእሱ ጣት አያስፈልግም። ክብደት ነው የሚያስፈልገው።»

ጋሽ ኮርሳ ለአፍታ አዩት። «ትፈታለህ» አሉት። «ማሰር ግን የለም ጀማል። አንድም ዳዶ። ኢምፓክትም አትንካ።»

«እሺ።»

«ደሞዝህ ባለበት ነው። ለዘላለም ግን አይደለም፤ እናያለን።»

«እሺ» አለ እንደገና። ሌላ ነገር አልጠየቀም።

ሰማያዊውን ፕላስተሩን ልጬ፣ ጠርጌ፣ ለሱልጣን ጀሞ ወሰድኩለት። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ አልነበረም። የሆነውን የጋሽ ጀማልን ስም ሳላነሳ ነገርኩት፤ ጥርስ አይበላም፣ ጥፋቱ የሌላ ነው፣ የመረጥነው ግን ሌላ ነው አልኩት።

«ጥርስ አይበላም ብላችኋል?»

«ብለናል። ሞልቱም በራሱ አፍ ለሹፌሮቹ እየነገረ ነው።»

ኢምፓክቱን ተቀብሎ ባዶ ቦታው ላይ መለሰው። «ባትገዙም እሱ ይበቃኛል» አለ፤ ፊቱ ግን በቅቶታል አይልም ነበር። ሻይ ልጋብዝህ አለኝ። ሁለታችንም እዚያ መቆም ስለደከመን እምቢ አልኩት።

ሥራው ቀጠለ። ጋሽ ጀማል ጠዋት መጥቶ ቱቦውን ይይዛል። የጭነት መኪና ሲገባ መፍቻውን ሶሬቲ ዳዶው ላይ ታጠልቅለታለች፤ እሱ ቱቦውን ጫፉ ላይ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። ብረቱ ጮኾ ሲላላ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሲጨርስ ግድግዳውን ተደግፎ ሌሎቹ ሲያስሩ ያያል። «በጣት!» እያለ መጮኹን ትቷል። ጎማው የታሰረ ሚኒባስ ከመውጣቱ በፊት እኔ አንድ በአንድ እፈትሻለሁ፤ እንደበፊቱ መጥበቁን ብቻ ሳይሆን ዳዶው ቀጥ ብሎ መቀመጡንም ጎንበስ ብዬ አያለሁ።

አንድ ጠዋት የዱሮ ደንበኛው የሆነ ሹፌር ከብስራተ ገብርኤል መጣ። የፊት ጎማዎቹን ሶሬቲ አሰረች፣ እኔ ፈተሽኩ፣ መኪናው ከክሪክ ወረደ። ሹፌሩ ቁልፉን በእጁ እያንቃጨለ ጋሽ ጀማል ወደተደገፈበት ግድግዳ ሄደ።

«ጀማል፣ አንተ ነህ ያሰርከው?»

«እሷ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔ አሁን አላስርም።»

ሹፌሩ ሶሬቲን አየ፣ እኔን አየ፣ ጎማውን አየ። «እና ልሂድ ትላለህ? ሰው ልጭንበት?»

ጋሽ ጀማል ከግድግዳው ተላቆ ወደ መኪናው ሄደ፤ ጎማው ፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ዳዶዎቹን በዓይኑ ብቻ አንድ በአንድ ዞራቸው። እጁን አልዘረጋም። ከዚያ የመኪናውን በር ተደግፎ በዝግታ ተነሳ።

«ጫን» አለው።